ቡሬ ሲወድቅ ምን ይደረጋል

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ማኘክ ነው። ውሻው ቡሬ በአፉ ምንም ሳይኖር ያኝክ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ውስጥ በምሠራበት የልብስ ስፌት ሱቅ በረንዳ ላይ። የስፌት መኪናዬን አቁሜ አየሁት። ዓይኑ አንድ ቦታ ቀረ። በግራ ጎኑ ወደቀ። እግሮቹ ደረቁ፤ ቀጥለው ተንቀጠቀጡ። አረፋ ደፈቀ። ሸናም። በልቤ ቆጠርኩ፤ ዘጠና ስደርስ አቆመ።

ያየሁት ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሐኪም አላስፈለገኝም። ያው በሽታ እኔም አለብኝ። የሚጥል በሽታ እንለዋለን፤ ሐኪሞች ኤፒሌፕሲ ይሉታል። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤት ውስጥ ወደቅሁ፤ አረፋው ይጋባል ተብሎ ወደ ቤት ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ብቻዬን ነው። ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ያለው ጠባሳ የክብሪት ነው። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት በአገራችን የተለመደ ስለሆነ፣ ያቃጠሉኝ ሊረዱኝ የሮጡ ሰዎች ናቸው።

ቡሬን ያገኘሁት ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። ከተማው ትልቅ እንግዳ ሲጠብቅ አጥሩ ሁሉ ኖራ ይቀባል፤ ግቢና ባለቤት የሌለው ውሻ ደግሞ መርዝ ያለበት ሥጋ ይጣልለታል። ሥጋውን ከአፉ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። ዝንጉርጉር ስለሆነ ቡሬ አልኩት። ልይዘው ግን አልችልም። የማድረው ሱቁ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ባለሱቁም "አንተን መሸከሜ አይበቃም?" አለኝ። ሌላ እንግዳ ሳይመጣ ግቢ ያለው ሰው መፈለግ ነበረብኝ።

ጉቴ ላይ ወፍጮ ቤት ያላቸው ኦቦ ነገራ የሚባሉ ሰው የሚጠብቅ ውሻ እንደሚፈልጉ ሰማሁ። ሊወስዱት ሲመጡ ጥርሱን አዩ፤ ጆሮውን ገልጠው አዩ፤ ወደ እኔ ዞረው "ጤነኛ ነው?" አሉኝ።

"ጤነኛ ነው" አልኩ።

ዋሸሁ። እናቴም ሥራ ስታስገባኝ ለባለሱቁ የሰጠችው መልስ ይኸው ነበር። መደበቅ ከቤት የተማርኩት ነገር ነው።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ኦቦ ነገራ ቡሬን በገመድ ይዘው ተመለሱ። ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ቡሬ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወድቆ ነበር። ሰው ሸሸ። እሳቸው ቀረቡ። ለሰው የሚደረገውን አደረጉለት። ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር ያዙ። ቡሬ ሲነቃ እሳት አየ። ነከሳቸው።

"አብዷል እያሉኝ ነው" አሉ። "ዱላ አንሥቼ ነበር፤ አልሆነልኝም። ውሻው ያንተ ነው፣ አንተው ጨርሰው።"

አልገደልኩትም። ሁለቱንም ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አሳጠበና እንዲህ አለ፦ "ውሻው እንዳይገደል። ይታሰርና ዐሥር ቀን ይጠበቅ። የእብድ ውሻ በሽታ ከሆነ እስከዚያ ይሞታል። እስክናውቅ ድረስ መርፌው በየቀኑ ይሰጣል።" መርፌው ሆድ ላይ ነው የሚወጋው። ሙሉው ዐሥራ አራት ነው።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። "ከዚህ በፊትም ወድቋል። ደብቄ ነው የሰጠኋቸው" አልኩ።

ኦቦ ነገራ ሸሚዛቸውን እንደገለጡ አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ ብትነግረኝ እኮ ክብሪቱ ከኪሴ ባልወጣ" አሉ። ሆዳቸውን ለመርፌው ሰጡ።

ቡሬን ከሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ጀርባ ባሕር ዛፍ ላይ አሰርነው። ውሃና ምግብ በረጅም እንጨት እየገፋሁ አቀርብለት ነበር፤ እንዳልነካው ታዝዣለሁ። የራሴን መውደቅ በምጽፍበት ደብተር የእሱንም ጻፍኩ። አንደኛ ቀን፦ ውሃ ጠጣ። ሁለተኛ ቀን፦ በላ፣ ውሃ ጠጣ። ሦስተኛ ቀን፦ እንዲሁ።

አራተኛው ቀን ከፋ። ወደቀ። የትኛው በሽታ እንደጣለው አላወቅሁም። እኔ ተሳስቼ ከሆነ ኦቦ ነገራ ሊሞቱ ነው። ቆጠርኩ። ሰባ። ተነሣ። ተንገዳገደ። ጣሳው ድረስ ሄደ። ጠጣ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ኦቦ ነገራ እኅታቸው ቤት አርፈው በየጠዋቱ መርፌያቸውን ይወጉ ነበር። ሲወጡ ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው በሩቁ ይቆሙና "አካም ቡልቴ፣ ቡሬ? እንዴት አደርክ? ዛሬም አለህ? በርታ! አንተ ብትሞት እኔን ተከተለኝ ማለትህ ነው" ይሉታል። የሚያጥቡት ሴቶች ይስቃሉ። እሳቸውም ይስቃሉ፤ ሲስቁ ግን ሆዳቸውን ያማቸዋል።

በዐሥረኛው ቀን ሐኪሙ ቡሬን ቆሞ ሲበላ አየና "ይህ የእብድ ውሻ በሽታ አይደለም። መርፌው ይብቃ" አለ። ኦቦ ነገራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርበው ራሱን ዳበሱት። ሊወስዱት ግን አልቻሉም፤ ባለቤታቸው ጥርሱን አትረሳም።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅምና ቀስ ያለ ነበር። ከብት ሊከትብ የመጣ የእንስሳት ሐኪም ደብተሬን አንብቦ እኔ ማታ ማታ የምውጠው ፌኖባርቢታል ለውሻም እንደሚሆን፣ መጠኑ ግን በክብደት እንደሚወሰን ነገረኝ፤ ስለዚህ ቡሬን ተሸክሜ ወደ ቡና መጋዘን ወሰድኩትና ሚዛን ላይ አወጣሁት። መዛኙ ዙሪያውን አይቶት "ጀንፈል ነው የተቀሸረ?" አለኝ፤ ቡናው ከነገለባው ነው የተፈለፈለ ማለቱ ነው። "ጀንፈል ነው፤ ቆዳው አልወለቀም" አልኩት። ዐሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሆነ። ክኒኑን በተፈጨ ሥጋ እየጠቀለልኩ ስሰጠው በየዐሥር ቀኑ ገደማ ይወድቅ የነበረው በወር አንድ ጊዜ ሆነ። ሆስፒታሉም ቤት እስካገኝለት ባሕር ዛፉ ሥር እንዲቆይ ፈቀደልኝ።

አሁን ቤት ስፈልግለት በሽታውን አስቀድሜ ነበር የምናገረው። ሦስት ሰዎች ተመለሱ። አንዱ "ዝም ብትል ወስጄው ነበር እኮ" አለኝ። የከተማው አጥር እንደገና ኖራ መቀባት ጀምሮ ነበር።

የሆስፒታሉን አንሶላ የሚያጥቡት አዴ ሶሬቲ፣ ሰውን ሁሉ "ልጄ" የሚሉ ባልቴት፣ እነዚያን ዐሥር ቀናት ከገንዳቸው ሥር ሆነው ሲያዩ ከርመዋል። እኔ የምሰፋውን የተቀደደ አንሶላ ልወስድ በሄድኩበት ቀን የእጃቸውን ውሃ አራግፈው "ሲወድቅ ምን ይደረጋል?" አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ስለ እሱም ስለ እኔም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ ማራቅ፣ አፉን አለመንካት፣ ክብሪት አለመጫር፣ መቁጠር፣ ሲነቃ በሩቁ ስሙን መጥራት ነው አልኳቸው። "ይህማ ቀላል ነው" አሉና ገመዱን ተቀበሉኝ። እኔም በሽታው እንዳለብኝ ያን ቀን ነገርኳቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ቡሬን ልጠይቅ ሄጄ ግቢያቸው ውስጥ ወደቅሁ። ስነቃ የተጣጠፈ ነጠላ ከራሴ ሥር ነበር። ከንፈሬን ዳሰስኩ፤ አልተቃጠለም። ቡሬ እግሬ አጠገብ ተኝቷል። አዴ ሶሬቲ ራቅ ብለው ተቀምጠው ስሜን ይጠራሉ። "መቶ ዐሥር ቆጥሬያለሁ፤ ደብተርህ ላይ ጻፈው። ለቡሬ ያልከኝን ነው ያደረግኩት፣ ልጄ" አሉኝ።

ሐኪሙን አመሰግናለሁ። ክብሪቱንም መርፌውንም ይቅር ያሉኝን ኦቦ ነገራን አመሰግናለሁ። አዴ ሶሬቲን እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም፤ የሆስፒታሉን አንሶላ መስፋቱን ግን ከሱቁ ወደ እሳቸው ግቢ አምጥቼዋለሁ። በቤታችሁ የሚወድቅ ሰው ወይም እንስሳ ካለ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ አትደብቁ፤ ክኒኑንም አንድ ቀን አታጓድሉ። ውሻ የነከሰው ሰው በሳሙና ታጥቦ ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ውሻውም አይገደል፣ ታስሮ ይጠበቅ። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው። ቡሬ ዛሬ ጠዋት ውሃውን ጠጥቷል።