የተበላሸው ፎርም

ሕመሙ የጀመረኝ ደረጃ ላይ ነው። ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ፣ አል ዑለያ ሰፈር የምሠራበት ቤት ሦስት ፎቅ አለው። የታጠበ ልብስ ይዤ ስወጣ ግራ ጉልበቴ ቋ አለ። ድካም ነው ብዬ ናቅሁት። ከወር በኋላ ስሰግድ ከሱጁድ ስነሳ ግድግዳ መያዝ ጀመርኩ።

ከዚያ ባሰ። ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። አንድ ቀን ደረጃውን በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ ወረድኩ። አሠሪዬ፣ ማዳም፣ አየችኝ።

"ደረጃ ማፊ፣ ሹግል ማፊ" አለች፤ ደረጃ ካልወጣሽ ሥራ የለም ማለቷ ነው። "ኹሩጅ ይሻልሻል።"

ኹሩጅ ላይመለሱ መሄድ ነው። ወሎ ያሉት ሁለት ልጆቼ ከእኔ ሌላ የሚያስተምራቸው የለም። አለቀስኩ።

ደማም ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ "አጥንትሽ ደህና ነው" ብሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። ባለሙያዋ ሕንዳዊት ናት። መስታወት ፊት አቁማ ስኳት አሠራችኝ፤ እኛ ትምህርት ቤት በቅጣት የምናውቀው ቁጭ ብድግ ነው። አይታኝ ራሷን ነቀነቀች።

"ፎርም ሙሽኪላ" አለች፤ ፎርምሽ ችግር አለበት ማለቷ ነው።

ክው አልኩ። ፎርም ሲባል የማውቀው የሚሞላውን ወረቀት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ ከቦርሳዬ አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋት። ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ተወች። በተሰባበረ ዓረብኛ አስረዳችኝ።

"ፎርም ይሄ ነው፤ አቋምሽ። ስትቀመጪ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ ይገባል። የዳሌሽ ጡንቻ ደክሟል። ልጅ የምትይዢው በየት በኩል ነው?"

በግራ፣ አልኳት። የማዳምን ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ግራ ዳሌዬ ላይ አስቀምጬ ነው ያሳደግኳት።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ ቤቱ ሳይነሳ፣ ከጉልበቴ በላይ ላስቲክ አስሬ በምድጃው መስታወት ፊት እቆምና፣ ጉልበቴ ከእግር ጣቶቼ አቅጣጫ እንዳይወጣ እያየሁ፣ ቀስ ብዬ ወርጄ ቀስ ብዬ እነሳለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሥራ ላይ ሥራ ሆኖብኝ ሰልችቶኛል፤ ያቋረጥኩባቸው ቀናትም ነበሩ፣ ሕመሙም በነጋታው ተመልሶ ይመጣ ነበር። በሦስተኛው ወር ልብሱን ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ማዳም ከታች ቆማ ታየኝ ነበር።

"ኸላስ፣ በቃ" አለች። "ኹሩጅ ማፊ።"

እህቶቼ፣ ልጅ ስትይዙ ጎን ቀያይሩ። ሕመሙን እንደ እኔ አትናቁት፤ መስታወት ፊት ቁጭ ብድግ በሉና ጉልበታችሁን እዩት።

አልሐምዱሊላህ፣ ኢቃማዬ ታድሷል። ያቺን ሕንዳዊት አላህ ይስጥልኝ። በዚህ አገር ስንት ሰው ወረቀቴን አየ፤ እግሬን ያየችው እሷ ናት።