እንሰቱ ከተቆረጠ በኋላ

ቡታጅራ ውስጥ ሥራዬን ሲጠይቁኝ የሰሌዳ ጨዋታ እፈጥራለሁ እላለሁ። ጠያቂው፣ እሱስ ይሁን፣ ሥራህስ ይለኛል። አባቴም ከእነዚህ አንዱ ነበር። በእንጨት ሥራ ቤቱ አንዷን ጥግ ሰጥቶኝ ሁለት ጨዋታ ሠራሁ፤ ሁለቱንም ዞር ብሎ ያያቸው የለም። ለሦስተኛው እስከ መስቀል ቀን ቆረጠልኝ። ካልሆነ ጨዋታውን ትቼ ከእሱ ጋር በርና መስኮት መሥራት ነው።

ሦስተኛው ስለ እንሰት ነበር። የማውቀውን ሁሉ ከተትኩበት፦ ችግኙ ስንቴ ተነቅሎ እንደሚተከል፣ ፍጉን፣ ሥሩን የሚበላውን ጃርት። ትልቁን እንሰት ቀድሞ የቆረጠ ያሸንፋል። እውነቱን ለመናገር፣ ኮርቼበት ነበር።

መስቀል ሳምንት ሲቀረው እናቴን አጫወትኳት። መስቃን ገጠር ያደገች ናት። ቀድሜያት ቆረጥኩና አሸነፍኩሽ አልኳት። ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች።

"ቆርጠህ ምን ልትበላ ነው?" አለችኝ።

አፈርኩ። በእኛ ዘንድ ወንድ ይተክላል፣ ይቆርጣል፤ ሴቶቹ ለቆጮው ሲፍቁ ግን አጠገባቸው አይደርስም። እኔም ጨዋታዬን የወንድ ሥራ የሚያልቅበት ላይ አቁሜዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ቆጮ እየበላሁ።

እናቴ የአዝራር ጣሳዋን አምጥታ ሰሌዳው ላይ ገለበጠችው። አዝራሮቹ ፋቂ ሴቶች ሆኑ፤ ተራ ገብተው ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ ጎረቤቷን ያልረዳች ለብቻዋ ትፍቃለች። ቡላው ተጨምቆ ይዘቅጣል፤ የተፋቀው የሚብላላበት ጉድጓድ ቅጠል ይለብሳል፣ ድንጋይ ይጫነዋል። ቶሎ የከፈተች ቆጮው ጥሬ ይሆንባታል፤ ቅጠሉን መቀየር የዘነጋች ይበላሽባታል። ዕድል፣ ትዕግሥት፣ ጉርብትና፣ ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩት ሁሉ እጇ ላይ ነበር። ይህን ያህል ዕውቀት ይዛ አጠገባችን እንደኖረች እኔ ልጇ አላውቅም ነበር።

ቀኑ ደረሰና አባቴ ሊፈርድ መጣ። ሦስታችን ተጫወትን። አባቴ ጉድጓዱን ቸኩሎ ከፈተና ተሸነፈ። አዝራሮቹን ብዙ ሲያይ ቆይቶ ወደ እናቴ ዞረ።

"ይህን ሁሉ ስትሠሪ እኔ የት ነበርኩ?"

"ማዕድ ላይ" አለችው።

አልሳቀም። ለበርና መስኮቱ ሌላ ሰው እንደሚፈልግ፣ እኔን ሳያየኝ ነገረኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እናቴ ስቦ፣ የጉድጓዱ ቆጮ መድረሱ በምን እንደሚታወቅ እንድታስተምረው ለመናት።