ይግቡ፣ ላድርስዎት

ሐኪሙ ነገር አላስረዘመም። «በየቀኑ ይራመዱ። አለበለዚያ ይሄ እግር አብሮዎት አይከርምም» አላቸው። የስኳር ሕመሙ አንድ የእግር ጣታቸውን ከወሰደ ቆይቷል።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የፈጁት በከባድ መኪና መሪ ላይ ነው። አገር ለአገር ዞረዋል፤ በእግራቸው ግን ከጋቢናው እስከ ምግብ ቤቱ ደጃፍ ነበር መንገዳቸው። ጡረታ ሲወጡ ከተማው ዳር፣ ልጃቸው ቤት ገቡ። ሰፈሩ አዲስ ነው። በሩ ሁሉ የመኪና በር ነው፤ ለዳቦ እንኳ ሞተር ይነሳል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ከታየ፣ ወይ መኪናው ተበላሽቷል ወይ ከቤት ተጣልቶ ወጥቷል።

በመጀመሪያው ቀን ከማዕዘኑ ሳይታጠፉ አንድ ጎረቤት ፍሬን ያዘ።

«ጋሼ! ምነው በእግርዎ? ይግቡ፣ ላድርስዎት!»

«የለም፣ ልራመድ ብዬ ነው።»

«ኧረ በሞቴ! እኔ እያለሁ?»

ይሉኝታ ያዛቸውና ገቡ። በማግስቱ ሌላዋ ጎረቤት አቆመች። እሷንም እምቢ ማለት ከበዳቸው። ሳምንቱ እንዲህ አለቀ፤ እግር ሊያፍታቱ እየወጡ ሰፈሩን በሰው መኪና አዳረሱት። አንድ ቀን ካልሲያቸውን አውልቀው ትንሿን ጣት ቆነጠጧት። ምንም አልተሰማቸውም። ጠበቅ አድርገው ደገሙ። ምንም።

የቀጠሯቸው ቀን ምራታቸው ቁልፍ ይዛ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«አባባ፣ መኪናው ተነስቷል።»

«በእግሬ ነው የምሄደው።»

«ክሊኒክ ድረስ? ሰው ምን ይለኛል? አማቷን አባረረች ነው የሚሉኝ!»

«ይበሉ። እግሬ ሲቆረጥ አንዳቸውም የራሳቸውን አያውሱኝም።»

ወጡ። ምራትየው መስኮቱን ዝቅ አድርጋ በአንደኛ ማርሽ ተከተለቻቸው። «አባባ፣ ፀሐዩን አይዩትም?» ትላለች። «አባባ፣ ስወድዎት!» ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ክላክሱን ለቀቀው። ያ የመጀመሪያው ጎረቤት አልፏቸው መንገድ ዳር ቆመና በሩን ከፈተ።

«ጋሼ፣ ምን ተፈጠረ? ተጣላችሁ እንዴ?»

«ሰላም ነን። ሐኪም ተራመድ ብሎኝ ነው። ከፈለግህ ውረድና አብረን እንሂድ።»

«እኔ?» ሳቀ ሰውዬው። «ሥራ ይረፍድብኛላ!»

«እንግዲያው በርህን ዝጋና አሳልፈኝ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ምራትየው ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ መስኮቱን ዘጋችና ጥላቸው ነጎደች።

ክሊኒኩ ሲደርሱ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ምራታቸው አግዳሚው ላይ አኩርፋ ተቀምጣለች።

«ተራዎ አልፏል» አለች።

«እጠብቃለሁ።»

ሐኪሙ እግራቸውን በቀጭን ነገር ወጋ ወጋ አደረገ። አንዱ ቦታ ተሰማቸው፤ ሌላው አልተሰማቸውም።

«መራመድ ጀመሩ?»

«ዛሬ።»

«ሳምንቱን ሙሉስ?»

«ሰው ሲያዞረኝ ነበር።»

ሐኪሙ አልሳቀም። «ዛሬ ብቻውን ምንም አያደርግልዎትም። ነገም ይሂዱ፣ ከነገ ወዲያም። ጫማዎ ግን ሰፋ ይበል» አላቸው።

ወጡ። ምራታቸው የመኪናውን በር ከፍታ ቆማለች። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ውስጡ ቀዝቀዝ ብሏል። የመድኃኒቱን ፌስታል ወንበሩ ላይ አኖሩ።

«ይህን ይዘሽልኝ ሂጂ፣ ልጄ» አሉና በመጡበት መንገድ ተመለሱ።