ሃምሳ አምስት ቀን ቦሎቄ

ሜክሲኮ በኖርኩባቸው ሰባት ወራት አንድ ቀን እንኳ እንቅልፌን ጠግቤ ተነስቼ አላውቅም። ገና በደንብ ሳይነጋ ጋዝ ሻጩ ሲሊንደሩን በብረት እየደበደበ ይመጣል። እሱ አለፈ ስል አሮጌ ፍራሽና ፍሪጅ የሚገዛው መኪና ይተካል፤ ድምፅ ማጉያው ውስጥ የተቀዳች ልጅ በአፍንጫዋ ታላዝናለች፣ ያቺው ልጅ፣ ያንኑ ቃል፣ በየቀኑ። አመሻሽ ላይ ደግሞ ስኳር ድንች ሻጩ በጋሪው ምድጃ እንፋሎት ያፏጫል። የመጀመሪያ ቀን ባቡር መስሎኝ እስከ መስኮቱ ሮጫለሁ። ለድንች!

ምግቡንማ ተዉት። በርበሬ እችላለሁ ብዬ የምመካ ሰው ነበርኩ፤ እነሱ ግን ማንጎ ላይ ይነሰንሱታል፣ ከረሜላ እንኳ አይምሩም። እኛ አጥር የምናደርገውን ቁልቋል እሾሁን ልጠው ጠብሰው ይበላሉ። በክረምት መንገድ ዳር ገዝተን የምንግጠውን በቆሎ ማዮኔዝ ቀብተው አይብ ያለብሱታል። ቁርስ በቆሎ፣ ምሳ በቆሎ፣ እራት በቆሎ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ የአሜሪካን ድንበር ለመሻገር ተራ የምጠብቅ ባለ አንድ ሻንጣ ሴት ሆኜ በሰው አገር ማዕድ ላይ አፍንጫዬን እነፋ ነበር።

ሁዳዴ እዚያው ያዘኝ። ክፍል የምትጋራኝ ያገሬ ልጅ ነበረች፤ በሁለተኛው ሳምንት እንቁላል ጠብሳ ስትበላ አገኘኋት።

«መንገደኛ እኮ አይገደድም። እግዜር ያውቃል» አለችኝ።

«ችግሩ ማወቁ ነው» አልኳትና ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሬያት ማዕድ አልቀረብኩም። እኔ ማዶ ካለችው ትንሽ ምግብ ቤት ተደቁሶ የሚጠበሰውን ቦሎቄ በቶርቲያ፣ ማለትም በዚያው በበቆሎ ቂጣቸው፣ እየበላሁ ሃምሳ አምስቱን ቀን ጨረስኩ። ከዚያ አገር የወደድኩት ነገር ቢኖር ያ ቦሎቄ ነው። አንድ ቀን ልጅቷ ከሰሃኔ ጫፍ ቀመሰችና «ዘይት ብቻውን እንዲህ አይጣፍጥም፣ ምን ቢያደርጉበት ነው?» አለች። ምቀኝነት መሰለኝ።

ድንበሩን አልፌ አሜሪካ፣ ባለቤቴ ያለበት ኦሮራ ስገባ ሁለት ነገር ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። አንዱ ሜክሲኮ ራሷ ናት፤ ከአፓርትማችን ፓርኪንግ ላይ ያንኑ በቆሎ በማዮኔዝ የሚሸጥ ሰውዬ ጥሩምባውን ይነፋል። ሁለተኛው የጾሜ ወሬ ነው። ባለቤቴ በስልክ ለእናቱ አውርቶላቸው፣ አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን መኖር ሲጀምሩ ስለ እኔ የሚያውቁት ደግ ነገር ይኸው ብቻ ነበር። ሽሮዬ ይቀጥንባቸዋል፣ ቀሚሴ ያጥርባቸዋል። ጎረቤት ከተማ ሴንቴኒያል ዘመድ ቤት ስንሄድ ግን «ምራቴ እኮ በስደት ሁዳዴን አንድ ቀን አልገደፈችም» ይላሉ። እኔም አቀርቅሬ ትሑት እመስላለሁ።

ከኮሪደሩ ማዶ ሜክሲኳዊት ጎረቤት አለችኝ። ባለችኝ ሰባራ ስፓኒሽ እንጫወታለን። አንድ እሑድ ወጥ ቤቷ ቆሜ ቦሎቄ ስትሠራ፣ ከጣሳ ውስጥ የረጋ ነጭ ነገር በማንኪያ ዝቃ መጥበሻው ላይ ጣለች። ምንድን ነው አልኳት። የአሳማ ሞራ አለችኝ። ሁልጊዜ? ያለዚያማ ምኑን ቦሎቄ ሆነ፣ የእናቴም የአያቴም አሠራር ይኸው ነው ብላ ሳቀችብኝ።

ያቺ ያገሬ ልጅ እንቁላል ብትበላ ነው፤ እኔ አሳማ ውስጥ ዋኝቼ ነው የወጣሁት። ያውም እሷን እየተጸየፍኩ። ለባለቤቴ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። አማቴ በሰው ፊት ሲያሞግሱኝ እንደ ድሮው አቀርቅሬ ትሑት እመስላለሁ።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ አማቴ አልበላ አሉ። የታሸገውን ሁሉ እያነሱ «አንብቢልኝ» ይሉኛል፤ በዚያ በደቃቃ ፊደል ውስጥ አንድ የወተት ዘር አላጣም። የእኔን ሽሮ «ድስትሽ ሥጋ ያውቃል» ብለው ተዉት። ፊታቸው ሟሸሸ። «እዚህ በረሃብ ከምሞት ለፋሲካ አገሬ መልሱኝ» ማለት ጀመሩ። እኔ በየጠዋቱ በባስ ሴንትራል ፓርክ የሚባል ሰፈር ሄጄ የሰው እናት አጥቤ፣ አብልቼ እመለሳለሁ፤ ቤቴ ያሉትን ማብላት ግን አቃተኝ።

አራተኛው ሳምንት ላይ ፊታቸው መለስ አለ። አገሬ መልሱኝ ማለቱንም ተዉት። ጸሎቱ ነው አልኩ።

አንድ ቀን የማስታምማቸውን ሴትዮ ልጃቸው ስለወሰዷቸው ቀድሜ ገባሁ። የጎረቤቴ በር ገርበብ ብሏል። አማቴ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው፣ ቦሎቄ በቶርቲያ እየጠቀለሉ ይጎርሳሉ።

በሩ ላይ ቆምኩ። ብናገር መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «በምን አወቅሽ?» ነው፤ በእሳቸው ዘንድ ያለችኝ አንዲት ክብር እዚያው ታልቃለች። ዝም ብል ደግሞ እኒህ ሴት በሁዳዴ አሳማ ሲበሉ ቆሜ ማየቴ ነው። አልዋሽም፣ ዝም ልል ነበር። ሁለት ጉርሻ ሙሉ ቆሜ አየኋቸው።

«እማማ፣ ይተዉት!» አልኩ በመጨረሻ። «የአሳማ ሞራ አለበት። እኔም እዚያ ሳለሁ ጾሙን ሙሉ የበላሁት ይህንኑ ነው። አላወቅኩም ነበር።»

ጎረቤቴ ማንኪያዋን እንደያዘች ታየናለች። አማቴ የያዙትን ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ።

«የሷ የለበትም» አሉ። «መጀመሪያ ስታመጣልኝ ጠይቄያት የለ።»

«በምን ቋንቋ?»

አማቴ አፍንጫቸውን በጣታቸው ወደ ላይ ገፍተው እንደ አሳማ አንኮራፉ፤ ከዚያ ያንኑ ጣት ግራና ቀኝ አወዛወዙ። ጎረቤቴ በሳቅ ፈረሰች። ከመደርደሪያው የዘይት ጠርሙስና አንዲት አዲስ ድስት አውርዳ አሳየችኝ። ድስቷ የሴኞራ፣ የእማማ ማለቷ ነው፣ ብቻ ናት፣ ሌላ ነገር አልሠራባትም አለችኝ።

አማቴ ወንበር ሳቡልኝ። ከቶርቲያው ቆርሰው፣ ቦሎቄውን ጠቅልለው፣ አጎረሱኝ።

«ሰባት ወር ሙሉ» አሉ ጣታቸውን እየጠረጉ፣ «አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅሽም?»