በረሃብ ዘመን የወፈረው ሙክት

አጎቴ ስማቸው ፓርላማ የገባው በበግ ነው። እንዲህ ስል የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለ ገበሬ ሁሉ እናት በጎቹን የሚያስጠቃው በእሱ አውራ በግ ነበር፤ እሱም ምንም ዋጋ አይጠይቅም። ምርጫ ሲመጣ የሚወዳደሩት ባላባቶች ደገሱ፤ ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ መረቃቸውና ድምፁን ለአጎቴ ሰጠ።

በስልሳ አምስት በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም አሳፈረን። የአጎቴ መንጋ አለቀ። ከከላላ በኩል የሚመጣው ሰው መንገድ ዳር ይወድቅ ጀመር። የአገሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «አዲስ አበባ ሂድና እህል አስመጣልን» አሉት። እሺ አለ። ግን ትልቅ ሰው ደጅ እጅ መንሻ ሳይያዝ ይኬዳል እንዴ? ነውር ነው! እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው።

ከመንጋው የተረፈ አንድ ሙክት ነበር። አጥንቱ እየታየ አይሰጥም ተባለና፣ ለራሱ ያጣ ሰው ለበግ ገብስ አዋጣ። ጎረቤታችን ቦጋለች ለልጇ ቆሎ ያለቻትን እፍኝ ይዛ መጣች። እናቴ ተቆጣቻት።

«ለበግ ልትሰጪ ነው?»

«እህሉን እንዲያመጣልን ነው እንጂ» አለች ቦጋለች።

ሙክቱ ወፈረ፤ ሰዉ ከሳ።

አጎቴ እስከ ደሴ በእግር ነዳው፤ ከዚያ በጭነት መኪና ወሰደው። አዲስ አበባ ደርሶ፣ እህል ለማዘዝ ሥልጣን ካለው ሹም ደጅ አቆመው። ሹሙ ወጣና የበጉን ላት ጨበጥ አደረገ።

«ወሎ ተራበ የምትሉት እንዲህ ያለ እያረባችሁ ነው?»

«ጌታዬ፣ እኛ ሳንበላ ያበላነው ነው።»

«ሰው ሳይበላ በግ ያበላል?» ብሎ ሳቀ። በጉን ግን አልመለሰም።

የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም። ወሬው ከአጎቴ ቀድሞ ምክር ቤት ገባ። ሊናገር በተነሳ ቁጥር «የሙክቱ አገር ተነሳ» እያሉ ይስቁበታል። እየማለም፣ እያለቀሰም ተናገረ፤ ሰሚ የለም። ዓመቱ በዚህ አለቀ። ከዚያ አብዮቱ ፈነዳ፣ ምክር ቤቱም ተዘጋ። አዲሶቹ ገዢዎች ደግሞ ረሃቡ ተደብቆ ነበር ብለው በራዲዮ ጮኹ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እህል እዚህ ቅርባችን አጅባር ደረሰ ሲባል እኛ የምንቀብረውን ቀብረን ጨርሰናል።

አጎቴ ሲመለስ ሰዉ ሊጠይቀው መጣ። ሹሙ ያለውን ለእናቴና ለእኔ አስቀድሞ ነግሮናል፤ ለሁሉም እነግራለሁ ብሎ ቆርጦ ነበር። ቦጋለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ልጇን የቀበረችው በጾሙ መግቢያ ነው።

«አያ ስማቸው፣ እንኳን በደህና ገቡ። ሹሞቹ ሙክቱን ወደዱት?»

አጎቴ መሬት መሬቱን አየ።

«ወደዱት፣ ቦጋለች። እንዲህ ያለ በግ አይተን አናውቅም አሉ።»

«እሰይ» አለች። «እኔማ ገብሴ አንሶ ይሆን እህሉ የቀረው ብዬ ስጨነቅ ነበር።»