በዳባት ወንዝ ዳር የዋልንባት እሑድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከጎንደር ደባርቅ ቤታችን መጥታ በስልኳ አንድ የድሮ ሥዕል አሳየችኝ። ፈረንሳዮች ናቸው አለችኝ፤ ወንዝ ዳር ጓደኛሞች በልተው ጠጥተው ያወጋሉ። አንዷ ቡችላ ታጫውታለች። "ምን እያከበሩ ይሆን?" አለችኝ። "ምንም፤ እሑድ ነዋ" አልኳት። ልቤ ግን ዳባት ደርሶ ነበር።

ዳባት በአንድነት የተመደብን ጥቂት ወጣት መምህራን ነበርን። የሒሳቡ መምህር ይልማ ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። እወደው ነበር፤ እሱ ግን አያውቅም። በዚያ መስከረም ከተራራው ማዶ ወዳለችው ወደ በየዳ ተዛወረ። ሰኞ ሊሄድ፣ እሑድ ልንሸኘው ወደ ወንዙ ወረድን።

ክረምቱ ገና ጨርሶ አልወጣም። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ማሳው ዳር አደይ ፈክቷል። ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች ከነአዋዜው፣ በጀሪካን ጠላ ይዘናል። አንድ የማሳ ባለቤት አዛውንት ደግሞ "ብሉ ልጆቼ፣ እሸት ብቻውን አይበላም" ብለው እቅፍ ሙሉ ባቄላ ሰጡን።

የሥዕል መምህሩ ስንታየሁ ወረቀቱንና ቀለሙን ዘረጋ። እኔን ከይልማ ፊት ለፊት አስቀመጠኝና "ዓለምነሽ፣ አንቺ እሱን እዪ። አንተም እሷን። እንዳትነቃነቁ" አለን።

መጀመሪያ ሳቅን። ቆየት ሲል ሳቁ አለቀ። የሚወዱትን ሰው ፊት፣ ታዝዘው፣ ያለ ሐፍረት ማየት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ጆሮዬ ጋለ።

"ምን እያሰብሽ ነው?" አለ ይልማ ቀስ ብሎ።

"አትሂድ ልልህ" አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

"አታውሩ ብያለሁ" አለ ስንታየሁ።

ይልማ መልስ ሳይሰጠኝ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ሁሉም የያዘውን አንሥቶ ወደ አዛውንቱ ቤት ሮጠ፤ ስንታየሁ ቀለሙ የሚንጠባጠብ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይጮኻል። ይልማ ውኃውን ሊያሻግረኝ እጄን ያዘኝ፤ ከተሻገርንም በኋላ አልለቀቀኝም።

"መሄዴ አይቀርም" አለኝ፤ "አንቺስ በየዳን አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ብርዱ ኃይለኛ ነው።"

"ጋቢ አለኝ" አልኩት።

እኔም ወደዚያው ዝውውር ስጠይቅ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መነጽራቸውን አውልቀው "ልጄ፣ ሰው የሚያለቅሰው ከበየዳ ለመውጣት ነው" አሉኝ። ግን ፈረሙልኝ። በጥር ውርጭ በበቅሎ ገደል ለገደል ስጓዝ ፊቴ ደንዝዞ ነበር፤ ልቤ ግን ከበቅሎዋ ቀድሞ ይሮጣል። እዚያው ተጋባን፤ የመጀመሪያ ልጃችንንም እዚያው ወለድን።

ይህን ሁሉ ስነግራት ልጄ ስልኳን አስቀመጠች። ለጨዋታ ብለን የወጣንባት ቀን ዕድሜዬን ሙሉ እንደወሰነችው እኔም ያስተዋልኩት ገና ስናገረው ነው።

"አባዬ ግን ለምኖ ለምኖ እንዳገባሽ ነው የነገረኝ" አለች።

ይልማ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይሰማናል። የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገ።