ሦስተኛው ጊታር

ከጎረቤታችን ጋር ያስተዋወቀን የአክስቴ ሶላት ነው።

በሰው አገር፣ ሮዘተንቪል በሚባል የከተማ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጀርባ በተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር የምንኖረው፣ እኔና አክስቴ። አባቴ ዳቬይተን በሚባል ሎኬሽን፣ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ አለው። በኮሮና ምክንያት ሎክዳውኑ ሲታወጅ "ለጥቂት ሳምንት ነው" ብሎ ፍራሹን ተሸክሞ ሱቁ ውስጥ ገባ። ምግብ የሚሸጥ ሱቅ እንዲከፈት ተፈቅዶ ነበር፤ ትቶት ቢመጣ ግን ሌሊት የሚጠብቅለት ሰው የለም። እናቴ አገር ቤት ነች፣ ከታናናሾቼ ጋር። ትምህርት ቤት ተዘጋ። አክስቴ ጀርሚስተን አንድ የጅምላ መደብር ውስጥ ዕቃ ስታሽግ ትውልና፣ ማታ ጫማዋን ደጅ አውልቃ፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ብዙም ሳታናግረኝ ትተኛለች። ክፉ ሆና አይደለም፣ ደክሟት ነው። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ቀኑን ሙሉ ድምፄን የሚሰማ ሰው ስላልነበረ አንዳንዴ ፍሪጁን አናግረው ነበር። "ሳውቦና" እለዋለሁ፣ በአገሩ ሰላምታ። እሱም ያጉረመርማል።

ቅዳሜ ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከግንቡ ወዲያ ጊታር ይመጣል።

ግንቡ ከቁመቴ በላይ ነው። ከወዲያ ማዶ የሚኖረው የፖርቱጋል ዘር ያለው ሽማግሌ ነው፣ ብቻውን። ከሎክዳውኑ በፊት በየቅዳሜው ሁለት ጓደኞቹ ይመጡ ነበር። እኛ የምናየው የሥጋ መጥበሻቸውን ጭስ ብቻ ነው፣ የምንሰማው ደግሞ ሳቃቸውንና ያንን ሙዚቃ። በሽታው ሲመጣ ጭሱም ሳቁም ቀረ። ሙዚቃው ግን ጭራሽ ባሰበት።

አክስቴ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምትሠራው፤ ስለዚህ የዐስር ሶላቷን ቤት ትሰግዳለች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ግድም ነው፣ እሱም ሙዚቃውን የሚከፍተው ልክ ያን ጊዜ ነው።

"ሱጁድ ስወርድ ከበሮው ጀርባዬን ይደልቀኛል!" አለችኝ አንድ ቀን። "ሂጂና ንገሪው።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን? የኔ እንግሊዝኛ ለገበያ ነው እንጂ ለጠብ አይበቃም።"

ሁለት የለስላሳ ሳጥን ደራርቤ ግንቡ ጋ ወጣሁ። በግንቡ አናት አሻግሬ ሳይ፣ የምናገረው ሁሉ ጠፋኝ። ሽማግሌው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ራሱ በራ ነው፣ ከኋላ ግን ነጭ ጸጉሩ በላስቲክ ታስሯል። የለበሰው ቲሸርት ጥቁር የነበረ ይመስላል፤ የአንድ ባንድ ስዕል ከእጥበት ብዛት ጠፍቶ አንድ ሰው ባርኔጣውን ብቻ ትቶ የሄደ ይመስላል። ዓይኑን ጨፍኗል። ግራ እጁ አየር ላይ የሌለ የጊታር አንገት ይዟል፣ ቀኝ እጁ ሆዱ ላይ የሌሉ ክሮች ይመታል። ጠረጴዛው ላይ ስልክ ተደግፎ ቆሟል፣ ከስልኩ ውስጥ "ያ! ያ!" የሚል የሽማግሌ ድምፅ ይመጣል። ድምፁ ስለሚዘገይ ያኛው ሰውዬ የሚጮኸው ጊታሩ ካለፈ በኋላ ነው።

እስኪጨርስ ጠበቅሁ። አይጨርስም! ዘፈኑ አለቀ ስል ይነሳል፣ ተነሳ ስል ይሮጣል። በመጨረሻ ጸጥ ሲል "አንክል" አልኩ። ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

ነገርኩት። ተቆጥቶ የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ጸሎቷ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?"

"አሥር ቢሆን ነው።"

"ዘፈናችን ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ እሷ ትቅደም። ስትጨርስ ግንቡን አንኳኪልኝ።"

"ማን ናት?" አለ ስልኩ።

"ጎረቤት። አክስቷ እየጸለየች ነው።"

"ለኛም ጨምራ ትጸልይልን በላት!"

እንዲህ ሥራ አገኘሁ። ቅዳሜ አክስቴ ሶላቷን በሰላምታ ስትጨርስ ዘነዘናውን አንስቼ ግንቡን ሦስት ጊዜ እመታለሁ። ትንሽ ቆይቶ የሸክላው መርፌ ሲያርፍ ቅርር የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ጊታሩ ይጀምራል። በሳምንቱ ውስጥ እኔ በሠራሁት ነገር የተነሳ አንድ ነገር የሚሆነው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ካንኳኳሁ በኋላ ከሳጥኖቹ አልወርድም። ዘፈኑ ሲያልቅ ሽማግሌው ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ከሩቅ ያወራኛል። ባንዱ ከአሜሪካ ደቡብ ነው፤ ሦስት ጊታር አለው። ሌሎች በሁለት ይብቃቃሉ፣ እነዚህ ግን በሦስት። እሱና ሁለቱ ጓደኞቹ ወጣት ሳሉ ጀርሚስተን የባቡር ጥገና ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር። ሸክላውን ያገኙት ያኔ ነው። ለሦስት ሰው ሦስት ጊታር፤ አየር ላይ ማን የትኛውን እንደሚጫወት ዕጣ ተጣጣሉ። አንደኛው ለእሱ ደረሰው። ሁለተኛው ያ ከስልኩ ውስጥ የሚጮኸው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፣ በስልኩ ውስጥ ድምፁን የሰማሁት ዘፈኑ ሲያልቅ "ጥሩ ነበር" ሲል ብቻ ነው፣ ልክ እነሱ ራሳቸው የተጫወቱት ይመስል። ከዚያ ዕጣ ወዲህ አንዱ የአንዱን ጊታር ነክቶ አያውቅም። ዘፈኑ ሲሄድ ወሬ ክልክል ነው፤ መርፌ ማንሳት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። አንድ ቅዳሜ መሃል ላይ ሎድ ሸዲንግ፣ የመብራት ፈረቃው፣ መጥቶ ሸክላው እያቃሰተ ቆመ። የተነሳ ሰው የለም። ሦስቱም በየቤታቸው መብራት እስኪመጣ ዝም ብለው ተቀመጡ። መብራት ሲመጣ ሸክላው ካቆመበት እያቃሰተ ተነሳ፣ እጆቹም ተነሱ።

"ግንቡ ለምንድን ነው እንዲህ ከፍ ያለው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ለሦስተኛው ጊታር" አለ። "በዚያን ዘመን በአፓርታይድ ሕግ እሱ ከኔ ጋር እዚህ መቀመጥ አይችልም ነበር፤ በቆዳው ምክንያት። ጎረቤት እንዳያየን ከፍ አደረግነው።" ይህን ሲናገር የሚያየው መሬቱን ነበር።

ባንዱን አንድም ቀን በዓይናቸው አላዩትም። ከባንዱ ሰዎች የሞቱ አሉ፣ በቦታቸው ሌሎች ገብተዋል፣ እነሱም አርጅተዋል። በዚያ ዘመን በሕጉ ምክንያት ወደዚህ አገር የሚመጣ ባንድ አልነበረም፤ መምጣት ሲቻል ደግሞ እነሱ ትኬት የሚገዙበት አቅም አልነበራቸውም።

"ታዲያ ያላያችሁትን ሰው ይህን ያህል ዓመት እንዴት ትወዳላችሁ?" አልኩት።

ሽማግሌው የጸጉሩን ላስቲክ አጠበቀ። ስለ አባቴ ነግሬው ነበር። "አንቺስ አባትሽን ካየሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

ከሳጥኑ ወረድኩ።

ለአባቴ መጻፍ የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው። ሱቁ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ስልክ ብንደዋወል "ሃሎ፣ ሃሎ" ከማለት አያልፍም። እንግሊዝኛ ማንበብ ደግሞ አይወድም። ስለዚህ በአማርኛ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለግሁ መልእክት እልክለት ነበር፦ "አባ፣ ሁለቱ ጊታሮች እንደ ባልና ሚስት ይጨቃጨቃሉ። ሦስተኛው ጥግ ላይ ዝም ብሎ ይሰማቸዋል። ሲደክማቸው ተነስቶ ይገባል፤ ሊያስታርቃቸው ነው ስትል እሱ ከሁለቱም የባሰ ጠበኛ ነው!" ጽፌ ሳነበው ደነገጥኩ። ጊታሩ እዚያው ውስጥ ነበር። ያለ ሸክላ፣ ያለ መብራት። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ።

የአባቴ መልስ "እሺ። በላሽ?" የሚል ነበር።

ብርዱ ሲበረታ ሦስተኛው ሰውዬ "ጥሩ ነበር" ሳይል የቀረበት ቅዳሜ መጣ። "ትንሽ አሞት ነው" አለኝ ሽማግሌው። በሚቀጥለው ሆስፒታል ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ባለው አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ዘነዘናውን እንደያዝኩ ሳጥኑ ላይ ወጣሁ። ወንበሩ ባዶ ነው። በመስኮቱ ውስጥ ሽማግሌው ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቆሞ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ አየሁት። የሦስተኛውን ጓደኛውን ቀብር እያየ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜም እንደ ማክሰኞ ሆነ። እኔ ማንኳኳቴን ግን አልተውኩም። ፍሪጁን እንኳ ማናገር ተውኩ። አንድ ቅዳሜ ከአባቴ መልእክት መጣ። ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የምጀምረው። "ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጊታሩስ?" ይላል። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆየሁ። "የለም አባ" ብዬ ጻፍኩ።

"ለማን ነው የምታንኳኪው?" አለችኝ አክስቴ፣ መስገጃዋን እያጠፈች።

ነገርኳት። እስከዚያ ቀን ሰው እንደሞተበት አታውቅም ነበር። ጮኸችብኝ። "ሐዘንተኛ ጎረቤት ላይ በዘነዘና ትደበድቢያለሽ? ሐዘንተኛ ጋ ይኬዳል እንጂ ይጠራል?" ወዲያው ምስር ጣደች። ምስሩና ዳቦው በግንቡ አናት ላይ ሄደ፣ አክስቴ የኔ ሳጥን ላይ ቆማ፣ ማስኳን እስከ ዓይኗ ስባ። "ሶሪ፣ ሶሪ" አለችው። ለዚያ እንግሊዝኛዋ በቃ። ሽማግሌው ድስቱን ተቀብሎ እንደ ሕፃን ታቅፎት ቆመ።

"የኔ እናት" አለችኝ ስትወርድ፣ "በሚቀጥለው አንኳኪለት። ዝምታው ከጩኸቱ ባሰብኝ።"

አንኳኳሁ። ብዙ ቆይቶ ቅርር አለ።

ሽማግሌው ተጫወተ። ስልኩም "ያ!" አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ የሦስተኛው ጊታር ተራ ደረሰ፣ የሽማግሌውም እጆች ጉልበቱ ላይ ወደቁ። ሙዚቃው ብቻውን ይሄዳል። የሚጫወተው ሰው የለውም። እኔ አላሰብኩበትም፤ እጆቼ ናቸው የተነሱት። ስንት ሳምንት ሳየው የኖርኩትን ያህል ጣቶቼን አየር ላይ አስሮጥኳቸው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሽማግሌው ትኩር ብሎ እያየኝ ነበር።

"ግራኝ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ለምን በግራሽ ትመቻለሽ?"

"ፊት ለፊት እርስዎን እያየሁ ነው የተማርኩት።"

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ። "ልጅቷ በመስታወት ነው ጊታር የተማረችው!" አለ ለስልኩ። "የሦስተኛውን ክፍል ስትጫወት ብታያት!"

ስልኩ አልሳቀም። "ያ ቦታ የእሱ ነው" አለ።

እውነቱን ነው። ዕጣው ሲወጣ እኔ አልነበርኩም፤ እናቴም እንኳ አልተወለደችም። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አንኳኩቼ ከሳጥኑ እወርዳለሁ፣ ጀርባዬን ለግንቡ ሰጥቼ እቀመጣለሁ፣ ማንም በማያየኝ ቦታ፣ ዝቅ አድርጌ እጫወታለሁ። በግራዬ። በቀኜ ሞክሬ አልሆንልሽ አለኝ።

ጃካራንዳው ሲያብብ ትምህርት ቤት በፈረቃ ተከፍቶ፣ ሰው ሰው ቤት መሄድ ተፈቅዶ ነበር። አባቴ አልመጣም፤ ሱቁን የሚጠብቅለት አሁንም አልተገኘም። አንድ ቅዳሜ ግን ከግንቡ ወዲያ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። የሥጋ ጭስም መጣ። ያ ከስልኩ ውስጥ የማውቀው ድምፅ አሁን ያለ መዘግየት ሲስቅ ሰማሁት። አክስቴ ሰገደች። እኔ እንደ ወትሮው ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ፣ ሳጥኑ ላይ ሳልወጣ ተቀመጥኩ። ጓደኛው መጥቶለት የለ? እኔን ለማንኳኳት እንጂ ለምን ይፈልገኛል አልኩ። ደስ ብሎኝለት ነበር። ግን ጀርባዬን ለግንቡ ሰጠሁ።

መርፌው አረፈ። አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ገባ፤ "ያ!" በሰዓቱ መጣ። ባልና ሚስቱ ተጨቃጨቁ፣ ደከማቸው። እጆቼን ጭኔ ላይ አዘጋጀሁ።

ከዚያ ሙዚቃው ተቆረጠ።

ሎድ ሸዲንግ አይደለም፤ ፍሪጃችን እያጉረመረመ ነው። ሸክላውም አላቃሰተም። ቅርር ብሎ ነው የቆመው። መርፌውን ሰው ነው ያነሳው። ያ የማይነሳው መርፌ! ምን ሆኑ ብዬ ስደነግጥ፣ ግንቡ ከጀርባዬ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ።

ሳጥኑ ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሽማግሌው መርፌውን ጨብጦ ቆሟል። ከግንቡ ሥር ደግሞ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ሥጋ መገልበጫውን ይዞ ወደ ላይ ያየኛል። ያንኳኳው እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ምናልባት ከጭሱ ነው።

"በግራሽ ነው የምትመቺው የሚባለው አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"አዎ።"

"እሱ ቢኖር ይስቅብሽ ነበር።" ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተካከለ። "በይ ተዘጋጂ። እንዳታረፍጂ።"

መርፌው የተነሳበት ዘፈን ደግሞ ከመሃል አይጀመርም። ሽማግሌው መርፌውን መጀመሪያው ላይ መለሰው። ከቤት ውስጥ አክስቴ "ያ ረቢ! እንደገና ከመጀመሪያው?" ስትል ሰማኋት። እኔ እጆቼን ከግንቡ በላይ አነሳሁ፣ ሁሉም በሚያየኝ ቦታ። ተራዬ እስኪደርስ ገና ብዙ ነበር።